መቶ ሲቀነስ አርባ አምስት

በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ እንቁላል ይዛ የተቀመጠች የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናስብ። የአንዱ እንቁላል ዋጋ 15 ብር ነው እንበል። ገዢው ሦስት ያነሣና መቶ ብር ይሰጣታል። ልጅቱ ወረቀትም እርሳስም አትፈልግም። «አርባ አምስት» ትላለች፤ አምስት ብር እጁ ላይ ታስቀምጥና «ሃምሳ»፣ ከዚያ የሃምሳ ብር ኖት ትደርብና «መቶ» ብላ ትጨርሳለች። 55 ብር መለሰች ማለት ነው። ቁጥሩን በስሙ አልጠራችውም፤ ግን ልክ ናት፣ ልክ መሆኗንም ታውቃለች።

ይህችው ልጅ ሰኞ ጠዋት ክፍል ስትገባ ጥቁር ሰሌዳው ላይ 100 ከላይ፣ 45 ከታች ተጽፎ ይጠብቃታል። ከቀኝ ትጀምራለች። ከዜሮ ላይ አምስት እንደማይቀነስ ተነግሯታል፤ እንግዲያ ምን እንደሚደረግ ግን ይጠፋታል። ስለዚህ ገልብጣ ከአምስት ላይ ዜሮ ቀንሳ 5 ትጽፋለች። ቀጥላ ከአራት ላይ ዜሮ፣ 4። በመጨረሻ የመቶ ቤት ያለውን 1 ታወርዳለች። መልሱ 145 ሆነ። ከመቶ ብር ላይ አርባ አምስት ተከፍሎ መቶ አርባ አምስት ብር መልስ! ገበያ ላይ ማንም እንዲህ ቢላት ወዲያው «ኧረ አይሆንም!» ትለው ነበር። ደብተሯ ላይ ግን ጽፋው ቀና ብላ መምህሩ እስኪያርም ትጠብቃለች።

ይህን ስሕተት መምህራን በየአገሩ ያውቁታል። መበደር ያልገባው ልጅ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደተጻፈ ሳያይ ትንሹን አሃዝ ከትልቁ ይቀንሳል። ነገሩ ቸልተኝነት አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም። ልጁ ለራሱ ሕግ አውጥቶ ያንኑ ሕግ ከመስመር ሳይወጣ እየተከተለ ነው። ሊያስጨንቀን የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ ገበያ ላይ ልጅቱ የራሷን ሥራ ራሷ ታርም ነበር፤ ክፍል ውስጥ ያ ችሎታ ከእጇ ወጥቷል።

ቴሬዚንያ ካራኸር፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ላሳተሙት ጥናት በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ መንገድ ላይ ከሚነግዱ አምስት ልጆች ዘንድ ሄዱ። በመጀመሪያ እንደ ደንበኛ ሆነው ዕቃ እየገዙ ሒሳብ ጠየቋቸው፤ ልጆቹ ከመቶው 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። ቆይተው ያንኑ ዓይነት ሒሳብ በቁጥር ብቻ ጽፈው ሰጧቸው፤ ውጤቱ ወደ 37 በመቶ ወረደ። ልጆቹ እነዚያው ናቸው፣ ሒሳቡም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የኖቤል ተሸላሚዎቹ አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሕንድ፣ በኮልካታና በዴልሂ ገበያዎች ያደረጉት ሰፊ ጥናት ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። የገበያ ልጆች የትምህርት ቤቱ ሒሳብ እንደሚከብዳቸው አረጋገጠ፤ ከዚያም አልፎ ሌላ ነገር አሳየ። ትምህርት ቤት ብቻ የሚያውቁት ልጆች የገበያውን ሒሳብ ሲጠየቁ እነርሱም ተቸገሩ። እንግዲህ ችግሩ የድሃ ልጅ ችግር ብቻ አይደለም። ሰሌዳውና ኑሮው ተለያይተው ሲኖሩ ልጅ ሁሉ ግማሹን ይዞ ይቀራል።

የመንዝ ልጅ ባዶ እጁን ትምህርት ቤት አይገባም። ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር አካባቢ በሚገኘው በዚህ ብርዳም ደጋ፣ ልጅ ገና አፉን ሲፈታ በግና ገብስ፣ ገበያና በዓል መሐል ነው። ያ ሁሉ ሒሳብ ነው። የሚጎድለው አጠገቡ ተቀምጦ «ይህ ያወቅኸው ነገር ሲጻፍ እንዲህ ነው» የሚለው ሰው ነው።

አጻጻፉ ለምን እንደሚከብድ ማወቅ ከፈለግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሉትን መጻሕፍት ማየት ይበቃል። በግዕዝ አኃዝ አርባ አምስት ፵፭ ተብሎ ይጻፋል። ፵ ራሱ አርባ ነው፤ የትም ቢቀመጥ አርባ ነው። መቶ ደግሞ ፻ ነው፤ አንድ ምልክት፣ ዜሮ የሌለበት። ከግሪክ ፊደላት የመነጨው ይህ አኃዝ ዜሮ የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ትምህርት ቤት የምናስተምረው፣ ከሕንድ ተነሥቶ በዐረቦች በኩል ዓለምን ያዳረሰው አጻጻፍ ግን ሌላ ጥበብ አለው። 45 ውስጥ ያለው 4 አርባ የሆነው የአሥር ቤት ውስጥ ስለተቀመጠ ብቻ ነው። 100 ውስጥ ያሉት ሁለት ዜሮዎች ደግሞ «እዚህ ቤት ለብቻው የተቀመጠ የለም» እያሉ ቦታ ይጠብቃሉ። የሰው ልጅ እዚህ ለመድረስ ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቶበታል። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ በአንድ ሳምንት እንዲገባው መጠበቅ ግፍ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የገብስ አገዳ ወይም ከቤት ክዳን የተረፈ የጓሳ ሣር በእኩል ቁመት ይቆረጥ። ልጆቹ ራሳቸው አሥር አሥሩን ይሰሩ፤ እስሩን መምህሩ አዘጋጅቶ ካመጣው ግማሹ ትምህርት ይጠፋል። አሥር እስር አንድ ላይ ሲታሰር መቶ ሆነ። አሁን ልጅቱን «አርባ አምስት ስጪኝ» በሏት። ትልቁን እስር ካልፈታች መስጠት አትችልም። ትፈታዋለች፤ አሥር ትንንሽ እስሮች ይወጣሉ። አራቱን ትሰጣለች። አምስት ነጠላ ለማግኘት አንዱን ትንሽ እስር ደግሞ ትፈታለች። እጇ ላይ አምስት እስርና አምስት ነጠላ ይቀራል። ይህን ሦስትና አራት ጊዜ በእጇ ከሠራች በኋላ ያንኑ እርምጃ በእርምጃ ሰሌዳው ላይ ጻፉላት፦ መቶው ተፈታ፣ አሥር አሥሮች ሆነ፤ ከአሥሩ አንዱ ተፈታ፣ ዘጠኝ አሥርና አሥር ነጠላ ሆነ። ከአሥር አምስት፣ 5፤ ከዘጠኝ አራት፣ 5። ሰሌዳው ላይ ያለው ጭረት ሁሉ አሁን እጇ የሠራው ሥራ መዝገብ ነው።

እዚህ ላይ ለመምህራን አንድ ነገር ላሳስብ። «ከጎረቤት ተበደር» የሚለውን አባባል ብዙ ልጅ ሲያደናግር አይቻለሁ። የተበደረ ይመልሳል፤ እዚህ ግን የሚመለስ ነገር የለም። በምትኩ «ዘርዝር» በሉ። የመቶ ብር ኖት በአሥር አሥር መዘርዘርን ሱቅ የተላከ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲዘረዘር ገንዘቡ እንደማይጨምርና እንደማይቀንስም ያውቃል።

ይህ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ሥራ ነው። መሠረቱ የሚጣለው ግን ከዚያ በፊት፣ ቤት ውስጥና ከ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ በተስፋፋው ዜሮ ክፍል ነው። እዚያ ዕድሜ ላይ ብዙ ወላጅ ልጁ እስከ ሃያ፣ እስከ መቶ በቃሉ ሲጠራ ይደሰታል። ደስታው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መጥራትና መቁጠር ይለያያሉ። አምስት ባቄላ ዘርግታችሁ አስቆጥሩት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት» ይላል። ወዲያው «እና ስንት ናቸው?» በሉት። ትንሽ ልጅ ከሆነ መልሶ ከአንድ ይቆጥራል። የመጨረሻው ቃል የጠቅላላው መጠሪያ መሆኑ ገና አልገባውም። ሮሼል ጌልማንና ራንዲ ጋሊስቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ልጅ ቆጠራ የሚችለው አምስት ነገር ሲገባው መሆኑን አስረዱ፤ ይህ ከአምስቱ አንዱ ነው። ሌላው፣ ከየትኛውም ጫፍ ቢጀመር ቁጥሩ አለመለወጡ ነው። ባቄላዎቹን በታትኑና ከመሐል አስጀምሩት፤ ፊቱ ላይ የሚታየው መገረም ገና እየተማረ መሆኑን ይነግራችኋል።

የእረኛው ነገር ደግሞ ልብ ሊባል ይገባዋል። ማታ በጎቹ ሲገቡ ብዙ እረኛ ቁጥር አይቆጥርም፤ «ዳለቻዋ የለችም!» ብሎ ነው የሚጮኸው። በጎቹን በመልክ ያውቃቸዋል። ይህ ትልቅ እውቀት ነው፣ ግን ቁጥር አይደለም፤ ስለዚህ እረኛ የሆነ ልጅ ሁሉ መቁጠር ይችላል ብለን አንሳሳት። ከእረኝነቱ ወደ ቁጥሩ የሚወስደው መንገድ ግን አጭር ነው። ጠዋት በጎቹ ከበረት ሲወጡ በእያንዳንዱ በግ አንድ ጠጠር ጣሳ ውስጥ ይጣል። ማታ ሲገቡ በእያንዳንዱ አንድ ጠጠር ይውጣ። ጣሳው ውስጥ ሁለት ጠጠር ከቀረ ሁለት በግ ጠፍቷል። ልጁ እዚያው መቀነስን ተማረ፤ ማን እንደቀረ በመልክ ሲያውቅ ደግሞ መልሱን በራሱ አረጋገጠ።

ጨዋታም አለ። ሴቶች ልጆች የሚጫወቱትን ቅልብሞሽ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱት። አምስት ጠጠር ነው፤ አንዱ ወደ ላይ ሲወረወር አራቱ መሬት ላይ ይቀራሉ። መጀመሪያ አንድ በአንድ ይለቀማሉ። ቀጥሎ ሁለት ሁለት። ቀጥሎ ሦስትና አንድ። ከዚያ አራቱም በአንድ ጊዜ። እነዚህ አራት ከሚከፋፈልባቸው መንገዶች መካከል ናቸው፤ ልጅቱ በጣቶቿ ታውቃቸዋለች። መምህሯ ወደ ሜዳው ወጥታ ጨዋታውን አይታ፣ ክፍል ገብታ 1+1+1+1፣ 2+2፣ 3+1 ብላ ብትጽፍ ልጅቱ ቁጥሩ የሷ መሆኑን ታያለች። መሬት ላይ አሥር ቤት በከሰል ሠርቶ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ጽፎ ጠጠር እያራመዱ መጫወትም እንዲሁ ይረዳል። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ በአሜሪካ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች ለመጡ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ይህን መሰል ጨዋታ ሰጡ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳተሙት ልጆቹ በቁጥር እውቀታቸው ግልጽ መሻሻል አሳዩ፤ በቁጥር ፈንታ ቀለም በተቀባ ሰሌዳ የተጫወቱት ግን አልተሻሻሉም። ምስጢሩ አካሄዱ ላይ ነው። 5 ላይ የቆመ ልጅ ሁለት ሲራመድ «አንድ፣ ሁለት» ማለት የለበትም፤ «ስድስት፣ ሰባት» ይበል።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን መንዝ ውስጥ በየቤቱ ያለ፣ ማንም ግን ሒሳብ ብሎ የማይጠራው ነገር ነው፤ የወሩ በዓላት። ልደታ 1፣ አቦ 5፣ ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ ተክለ ሃይማኖት 24፣ መድኃኔ ዓለም 27፣ በዓለ ወልድ 29። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ አብዛኞቹን ያውቃል፤ በየወሩ ስለሚመላለሱ አይረሳቸውም። ከ1 እስከ 30 ያለው የቁጥር መስመር ጭንቅላቱ ውስጥ ተዘርግቷል ማለት ነው፤ ሌላ አገር ያለ መምህር ግድግዳ ላይ ሥሎ ለማስረዳት የሚደክምበትን ነገር የእኛ ልጅ ከእናቱ ወርሶታል። ይጠየቅበት። «ዛሬ አቦ ነው፤ ለሚካኤል ስንት ቀን ቀረው?» ሰባት። «ገብርኤል ካለፈ አራት ቀኑ ነው፤ ዛሬ ማን ነው?» ጊዮርጊስ። ሲለምደው ወሩን አሻግሩት፦ «ዛሬ ጊዮርጊስ ነው፤ ለሚመጣው ሚካኤል ስንት ቀን አለ?» ወሩ እስኪያልቅ 7፣ ከዚያ 12፣ በድምሩ 19። ወሮቻችን ሁሉ ሠላሳ ሠላሳ ቀን መሆናቸው ለልጅ ትልቅ ዕድል ነው፤ የፈረንጅ ልጅ 28፣ 30፣ 31 እያለ ይደናገራል። ጳጉሜን ስትመጣ ብቻ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይጨመራል፤ ይህንንም ልጁ ራሱ «ጳጉሜን ረሳችሁ!» ብሎ ቢያርማችሁ ደስ ይበላችሁ።

ማባዣን በቃል ስለማስያዝ ብዙ እጠየቃለሁ። በቃል መያዝ ያስፈልጋል። ስድስት ጊዜ ሰባትን በየጊዜው በጣቱ የሚቆጥር ልጅ ረጅም ሒሳብ ሲመጣ መሐል ላይ ይጠፋበታል። ሆኖም ከመያዙ በፊት ይሥራው፤ ስድስት ረድፍ፣ በየረድፉ ሰባት ባቄላ ደርድሮ 42 መሆኑን ይይ፤ ድርድሩን በጎን ዞሮ ሰባት ረድፍ በየረድፉ ስድስት መሆኑንም ይይ። የሚያዘው ነገር ወዲያው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አምስት ጊዜና አሥር ጊዜን ከያዘ ደግሞ ስድስት ጊዜ ሰባት ሲጠፋው «አምስት ጊዜ ሰባት 35፣ አንድ ሰባት ሲጨመር 42» ብሎ ራሱ ያገኘዋል።

የአገራችን የቃል ትምህርት ራስን በራስ ማረምን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ባሕረ ሐሳብ የሚማር የአብነት ተማሪ የ2017 ዓ.ም. በዓላትን ለማውጣት 5500ን ደምሮ 7517 ይላል። ለ19 ሲያካፍል 12 ይተርፋል፤ አንዱን ቀንሶ ወንበር የሚባለው ቁጥር 11 ሆነ። 11 ጊዜ 11፣ 121፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ አበቅቴ የሚባለው ቁጥር 1። 11 ጊዜ 19፣ 209፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ መጥቅዕ የሚባለው ቁጥር 29። ቀጥሎ ያለው ነው የሚያስደንቀኝ፦ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 መሆን አለባቸው። 1 እና 29፣ 30። ካልሆነ ተማሪው አንድ ቦታ ተሳስቷል፤ መሪጌታው ሳይነግረው ራሱ ያውቃል። እንቁላል ሻጯ ልጅ «ሃምሳ፣ መቶ» ብላ ስትጨርስ የነበራት መተማመን ይኸው ነው። ልጆቻችን ክፍል ውስጥ ሊኖራቸው የሚገባውም እሱው ነው። 100 ሲቀነስ 45 ብሎ 55 ያገኘ ልጅ 55 እና 45 ደምሮ መቶ መሆኑን ይይ፤ ከዚያ በኋላ የመምህሩ እርማት ማረጋገጫ እንጂ ፍርድ አይሆንበትም።

ፍርሃት ይህን ሁሉ ያፈርሳል። የተሳሳተን ልጅ በዱላ ወይም በስድብ ያስደነገጠ ሰው ልጁ ሒሳቡን ትቶ የመምህሩን ፊት እንዲያነብ ነው ያስተማረው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የመምህር ምርጫ ብቻ አይደለም። የወላጅ ፍርሃትም ወደ ልጅ ያልፋል። ኤሪን ማሎኒና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ሒሳብ የሚያስፈራቸው ወላጆች ልጆቻቸውን የቤት ሥራ አዘውትረው ሲያግዙ ልጆቹ በዓመቱ ትንሽ ተምረው፣ ራሳቸውም ሒሳብ ፈሪ ሆነው ተገኙ። ከዚህ የምወስደው «ያልተማረ ወላጅ አያግዝ» የሚል አይደለም። ሰሌዳ የማታውቅ እናት መልሱን መንገር አይጠበቅባትም፤ ልጇ ሲያስረዳት ብታደምጥና «በምን አወቅህ?» ብትለው ከብዙ የተማረ ሰው የተሻለ ትረዳዋለች። «እኔም ሒሳብ አይገባኝም ነበር፣ ከእኔ ወርሶት ነው» የሚለውን አነጋገር ግን ልጅ ፊት አትናገሩት።

ይህን የምጽፈው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት በጣም ብዙ ትምህርት ቤት በተዘጋበት፣ ልጆች ዓመታት ባለፋቸው ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት የሚተካው የለም፤ መከፈት አለበት። እስከዚያው ግን ቤት ውስጥ የሚሠራው ትንሽ ነገር ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ቦትስዋና ውስጥ 4,550 ያህል ቤተሰቦች የተካተቱበት ጥናት ተደርጎ ነበር። ለአንዳንዶቹ ቤተሰቦች በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በአጭር የስልክ መልእክት ተላከላቸው፤ ለሌሎቹ ከመልእክቱ በተጨማሪ ሰው ደውሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከልጁ ጋር ሠራ። መልእክት ብቻ የደረሳቸው ብዙም አልተለወጡም፤ የተደወለላቸው ልጆች ሒሳባቸው ተሻሻለ። በሳምንት ሃያ ደቂቃ አብሮ የሚያስብ አንድ ሰው ማለት ነው።

ስለዚህ መንዝም ሆነ ሌላ ቦታ ያላችሁ ወላጆች፣ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከተማ ሆናችሁ አገር ቤት የምትደውሉ ዘመዶች፣ ሰላምታ ከጨረሳችሁ በኋላ ልጁን ስልኩ ላይ አቅርቡትና አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ለሚካኤል ስንት ቀን ቀረው? ሦስት እንቁላል ስንት ብር? መልሱ ልክ ቢሆንም ባይሆንም «በምን አወቅህ?» በሉት፤ ከዚያም ሳታቋርጡ አድምጡት።